ከማሽላው ራስ እስከ ገደሉ አፋፍ

ከደባርቅ ተነስቶ የሊማሊሞን ጥምዝምዝ የወረደ ሰው ዛሪማ ሲደርስ መጀመሪያ የሚያደርገው ጃኬቱን ማውለቅ ነው። ጠዋት ደጋው ላይ ጋቢ ያስደርብ የነበረው ብርድ እዚህ የለም። ቆላ ነው፤ ፀሐዩ ይለበልባል፣ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ማሽላ ቆሟል። ቀጥሎ ዞር ብሎ የወረደበትን ያያል። የሰሜን ተራሮች ገደል በደቡብና በደቡብ ምሥራቅ ተደርድሯል፤ አንዱ ጫፉ ሾሎ፣ ሌላው አምባ ሆኖ፣ በመካከላቸው ውኃ የሰነጠቀው ሸለቆ። ያን ጊዜ ሁሉም ስልኩን ያወጣል።

ስልኩ ላይ የሚቀረው ግን ዓይን ያየውን አይመስልም። ያ ሁሉ ግርማ ቀጭን መስመር ሆኖ አድማሱ ላይ ተለጥፏል። ረዘም ያለ ሌንስ ያለው ካሜራ የያዘ ሰው ገደሉን ወደ ልኩ ይመልሰዋል፤ እሱን ደግሞ ሌላ ፈተና ይጠብቀዋል። ገደሉን ለማስገባት ሌንሱን ቀና ሲያደርግ ማሽላው ከሥር ይቆረጥበታል። ማሽላውንም ላስገባ ካለ ሁለት ርቀት ይፋጠጡበታል፤ አንደኛው በእርምጃ፣ ሌላው በኪሎ ሜትር የሚለካ። ፎከሱን ለቅርቡ ከሰጠ ገደሉ ጭጋግ ይሆናል፤ ለሩቁ ከሰጠ የፊተኛው ማሽላ ይደበዝዛል። አፐርቸሩን እስከ ኤፍ 22 ቢያጠብ ሁለቱም ይሻላቸዋል እንጂ አይጠሩም። በዚያ ጠባብ ቀዳዳ የሚያልፍ ብርሃን ይበተናል፤ አንዲት ነጥብ ሴንሰሩ ላይ ስታርፍ ወደ 0.03 ሚሊ ሜትር ትሰፋለች። ይህ መጠን በ35 ሚሊ ሜትር ካሜራ ቤት «ከዚህ ካለፈ ድብዝዝ ነው» የሚባልበት ድንበር ነው። በአንድ እጅ የሰጡትን በሌላው መንጠቅ ነው ትርፉ።

ለዚህ ችግር መላ የተገኘው ዛሬ አይደለም። የድሮ ካሜራ ሁለት ቋሚ ክፈፎች ነበሩት። ከፊተኛው ላይ ሌንሱ፣ ከኋለኛው ላይ ምስል የሚቀረጽበት መስታወት ይቀመጣል፤ በመካከላቸው ብርሃን የማያስገባ፣ እየታጠፈ የሚዘረጋ የጨርቅ ወይም የቆዳ ወናፍ አለ። ወናፉ በመተጣጠፉ የተነሳ ሁለቱ ክፈፎች የግድ ትይዩ መቆም የለባቸውም። ፊተኛው ወደ ላይና ወደ ታች ይንሸራተታል፣ ወደ ፊት ያዘነብላል፣ ወደ ጎን ይዞራል። በእጅ የሚያዙ ትንንሽ ካሜራዎች ሲመጡ ሌንሱ ከካሜራው አካል ጋር በብረት ተጣበቀና ይህ ሁሉ ነፃነት ቀረ። አምራቾቹ ያጡትን ያወቁት ቆይተው ነው። ኒኮን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ወደ ጎንና ወደ ላይ የሚንሸራተት 35 ሚሊ ሜትር ሌንስ አወጣ፤ ካኖን በ1973 ማዘንበልንና ማንሸራተትን በአንድ ሌንስ ላይ አጣመረ። «ቲልት ሺፍት» የሚባሉት ሌንሶች ዘር ከዚያ ይቆጠራል። ዛሬም ድረስ ዋጋቸው ኪስ ያራቁታል።

ወናፉ ራሱም ጨርሶ አልጠፋም። ኒኮን ፒቢ-4 የሚባለውን፣ ፊቱ የሚዞርና የሚንሸራተት ወናፍ ሲሸጥ ዋና ዓላማው ነፍሳትንና አበባን በቅርብ ማንሳት ነበር። ሃሰልብላድ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ፍሌክስቦዲ የተባለ በወናፍ የሚታጠፍ ካሜራ አወጣ። ጀርመናዊው ኖቮፍሌክስ ደግሞ ለዘመኑ ዲጂታል ካሜራ የሚገጠም፣ የሚያዘነብልና የሚንሸራተት ወናፍ ይሠራል።

የወናፍ ጣጣው ቦታ መብላቱ ነው። ፒቢ-4 እስከ መጨረሻው ታጥፎ እንኳ 43 ሚሊ ሜትር ይይዛል። የኒኮን ካሜራ ከሌንስ መግጠሚያው እስከ ፊልሙ 46.5 ሚሊ ሜትር ነው። ሁለቱ ሲደመሩ 90 ይጠጋሉ፤ ስለዚህ ከዚያ ያጠረ ተራ ሌንስ ሩቅ ተራራ ላይ ፎከስ ማድረግ አይችልም። ሚረርለስ የሚባሉት ካሜራዎች መምጣት ነገሩን አቃለለው። በሶኒው፣ ለምሳሌ፣ ያ 46.5 ሚሊ ሜትር ወደ 18 ወርዷል። በዚህ ስሌት 80 ሚሊ ሜትር ሌንስ እንኳ ተራራውን ይዞ ለማዘንበልም ትርፍ ቦታ ያገኛል።

80 ሚሊ ሜትር ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ፊልም በሚታጠብበት ዘመን እያንዳንዱ ፎቶ ቤት ጨለማ ክፍል ነበረው፤ ጨለማ ክፍሉ ውስጥ ደግሞ ፊልሙን ወረቀት ላይ የሚያጎላ ማሽን። የዚያ ማሽን ሌንስ ጠፍጣፋን ነገር ጠፍጣፋ አድርጎ፣ ከመሐል እስከ ጥግ እኩል እንዲያሳይ የተሠራ ነው። ሮደንስቶክና ሽናይደር የመሳሰሉ የጀርመን ፋብሪካዎች ለዚህ የሠሯቸው ሌንሶች ዛሬም ጥራታቸው አይታማም። 80 ሚሊ ሜትሩ የተሠራው ስድስት በስድስት ሴንቲ ሜትር ለሆነ ፊልም ስለሆነ የሚጥለው ክብ ምስል ዲያሜትሩ 80 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። የዛሬው ሙሉ ሴንሰር ከጥግ እስከ ጥግ 43 ሚሊ ሜትር ብቻ ይፈልጋል። ትርፉ ለመንሸራተት ነው። ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ካሉ ፎቶ ቤቶች በአንዱ እንዲህ ያለ ሌንስ ከመሳቢያ ወጥቶ አይቻለሁ፤ ከድሮ የፓስፖርት ፎቶ ቁርጥራጭ ጋር ተኝቶ ነበር። ባለቤቱ ጨለማ ክፍሉን የሠርግ ቪዲዮ መቁረጫ ካደረገው ቆይቷል። «ውሰደው፣ እዚህ ምን ይሠራል» አለኝ፤ ዋጋ ሲጠራ ግን ሐሳቡን አስተካከለ።

ዛሪማ ላይ ትራይፖድ መትከል ማለት ጥያቄ መጋበዝ ማለት ነው። በዚህ አገር ሦስት እግር ያለው ዕቃ የቀያሽ ነው፤ ቀያሽ ከመጣ ደግሞ መንገድ ወይም ግድብ ይመጣል፣ የሰው መሬትም ይነካል። ከወረዳው ደብዳቤ ይዞ መገኘት ግድ ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ጦርነት ያየ አካባቢ ስለሆነ ማንም ሰው ገደል ላይ ያነጣጠረ መሣሪያ ሲያይ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። እኔንም የጠየቁኝ የማሳው ባለቤት ናቸው፤ ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው መጡ።

«ልትለኩ ነው?»

«አይ አባቴ፣ ፎቶ ነው የማነሳው።»

«ፎቶማ በስልክ ይነሳ የለ እንዴ። ይኼ ሁሉ ኮተት ምንድነው?»

ጥያቄያቸው የባለሙያም ጥያቄ ነው። ኮተቱን ዘርዝሬ አሳየኋቸው። ጥርስ ያለው የብረት ሐዲድ፣ ሐዲዱ ላይ የሚሄዱ ሁለት ክፈፎች፣ በመካከላቸው ጥቁር ወናፍ፤ ከፊት ለፊት ከጎንደር የመጣው ሌንስ፣ ከኋላ ካሜራው። ከፊተኛው ክፈፍ ጎን ሁለት ብሎን አለ፤ አንዱ ሲላላ ሌንሱ ያዘነብላል፣ ሌላው ሲላላ ይንሸራተታል። ከብሎኑ ሥር ዲግሪ የተጻፈባት ትንሽ ልኬት አለች። ጣት የሚያንቀሳቅሰው በጣም ጥቂት ነው። የሚፈለገው ሦስት ዲግሪ ብቻ ሲሆን፣ ይህም ዓይን ልብ የማይለው መጠን ነው።

ሦስት ዲግሪው ከየት መጣ? ጥርት ብሎ የሚታየውን ነገር እንደ ግድግዳ አስቡት። ሌንሱና ሴንሰሩ ትይዩ ሲሆኑ ግድግዳው ፊት ለፊት ይቆማል፤ ከግድግዳው የቀረበም የራቀም ይደበዝዛል። ሌንሱ ወደ ፊት ሲያዘነብል ግን የሴንሰሩ ገጽ፣ የሌንሱ ገጽና ጥርት ያለው ገጽ በአንድ መስመር ላይ ይገናኛሉ፤ ግድግዳውም ወድቆ መሬት ላይ ይተኛል። ይህ ደንብ የሚጠራው በኦስትሪያዊው የጦር መኮንን በቴዎዶር ሻይምፕፍሉግ ስም ነው። ሰውየው ከአየር ላይ የተነሱ የተዛቡ ፎቶዎችን ወደ ካርታ ማቃናት ፈልጎ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1904 ፓተንት አወጣበት። ከእሱ በፊት በ1901 ዡል ካርፓንትዬ የተባለ ፈረንሳዊ ያንኑ ነገር አስመዝግቦ ነበር። ስሙ ግን ለኦስትሪያዊው ቀረ።

ለሜዳ ሥራ የሚጠቅመውን ስሌት ያቀለለው ካናዳዊው ሃሮልድ መርክሊንገር ነው። በአንድ በተመረጠ ሌንስ ላይ፣ የተኛው ገጽ ከሌንሱ ሥር በምን ያህል ርቀት እንደሚያልፍ የሚወስነው የማዘንበሉ መጠን ብቻ ነው፤ ፎከሱ ደግሞ ገጹን እንደ በር በማጠፊያው ላይ ያዞረዋል። የሌንሱን ርዝመት ለዚያ ርቀት ማካፈል ነው። 80 ሚሊ ሜትር ለ1.5 ሜትር ሲካፈል 0.053 ይሆናል፤ እሱ ሦስት ዲግሪ ነው። በ24 ሚሊ ሜትር ሌንስ ቢሆን አንድ ዲግሪ እንኳ አይሞላም ነበር። ስለዚህ የብዙ ሰው ስሕተት ማብዛት ነው፤ ሌንሱን እስኪበቃው አጋድሞ ከዚያ ምንም አልጠራ ሲል ይገረማል።

እዚህ ላይ ማሽላ ከጤፍ ይለያል። ጤፍ አጭር ነው፤ ማሽላ ከሰው ቁመት ያልፋል። በተኛው ገጽ ዙሪያ የሚጠራው ቦታ ቀጭን ሽብልቅ ነው፤ ካሜራው ሥር ከዜሮ ይጀምራል፣ እየራቀ ሲሄድ ይሰፋል። በ80 ሚሊ ሜትር ሌንስና በኤፍ 11 ሲሰላ 20 ሜትር ላይ ከገጹ በላይና በታች አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ነው፤ 200 ሜትር ላይ 15 ሜትር፣ 10 ኪሎ ሜትር ላይ ከ750 ሜትር በላይ። አምስት ሜትር ላይ ግን ስንዝር ከምናምን ብቻ ነው። ማሳው ውስጥ ገብቶ የቆመ ሰው የማሽላውን ሥር ቢያጠራ ራሱ ይደበዝዝበታል። መፍትሔው ከፍ ብሎ መቆም ነው። ከመንገዱ ዳር ካለው አፈር ቁልል ላይ ሲቆሙ የማሽላው ራሶች ራሳቸው ወለል ይሆናሉ፤ ሌንሱ ከዚያ ወለል በአንድ ሜትር ተኩል ከፍ ካለ ስሌቱ ይሰምራል።

ገደሉስ? እሱ ወለል አይደለም፣ ቆሟል። 10 ኪሎ ሜትር ርቆ 1,500 ሜትር ሽቅብ የሚወጣ ገደል እንያዝ። ገጹን መሬት ላይ ከማስተኛት ይልቅ በፎከሱ ትንሽ ቀና አድርጎ የገደሉ ወገብ ላይ፣ 750 ሜትር ላይ እንዲያልፍ ማድረግ ነው። ሽብልቁ በዚያ ርቀት ወደ ላይም ወደ ታችም ከ750 ሜትር በላይ ስለሚሰፋ የታችኛው ጠርዙ ከማሽላው ራስ ጋር ይገጥማል፣ የላይኛው ከአፋፉ ይደርሳል። ማዘንበል ባይኖር በዚያው ኤፍ 11 ከ10 ሜትር ወዲህ ያለ ነገር ሁሉ ይደበዝዝ ነበር።

ይህን ሁሉ ለአዛውንቱ አላወራሁም። ስክሪኑን አጉልቼ ከፊት ያለውን ማሽላ አሳየኋቸው። ጎንበስ ብለው በእጃቸው ፀሐዩን ከለሉ። አንዱ ራስ ሞልቷል፤ አጠገቡ ያለው ግማሹ ባዶ ነው፣ ፍሬው ተለቅሞ ገለባው ቀርቷል።

«ግሪሳ ነው። የበላውን ሁሉ አሳየ እኮ!»

ከዚያ ስክሪኑን ወደ ገደሉ አንሸራተትኩት። ዝም ብለው ቆዩና ዓይናቸው ከደከመ መቆየቱን፣ ያን አፋፍ እንዲህ ለይተው ካዩ ዓመታት ማለፋቸውን ነገሩኝ። ቀጥለው የነገሩኝ ይበልጥ ጠቀመኝ። የቆምኩበት የአፈር ቁልል ክረምት በመጣ ቁጥር እንደሚሸረሸር፣ ከማሳው ራስ ያለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ግን እሳቸው ልጅ ሆነው ጀምሮ ከቦታው እንዳልተነቃነቀ አሳዩኝ። ይህ ምክር ኋላ ያስፈልገናል።

ዘመናዊ ፎቶ አንሺ እዚህ ጋ ይቃወማል። ለምን ይህ ሁሉ ድካም? ፎከሱን ከቅርብ ወደ ሩቅ እያሻሻሉ ደጋግሞ አንስቶ ጥርት ጥርቱን በኮምፒውተር መደራረብ አይቻልም ወይ? ይቻላል፤ ለቆመ ድንጋይ ግሩም ዘዴ ነው። ለማሽላ ግን አይሆንም። ቆላው ሲሞቅ አየሩ ወደ ገደሉ ሽቅብ ይነፍሳል፤ ማሽላው ከአንዱ ፍሬም ወደ ሌላው ሲወዛወዝ ኮምፒውተሩ ባለ ሁለት ራስ ማሽላ ይሠራል። ማዘንበል ሁሉንም በአንድ ሸተር ይጨርሳል። ከወናፉ ጋር የምስማማበት ትልቁ ምክንያት ይኸው ነው፤ የአሮጌ ዕቃ ፍቅር ሌላ ነገር ነው።

ወናፍም የራሱ ነገር አለው። ነፋስ ይይዛል፤ ከትራይፖዱ ሥር ድንጋይ በከረጢት ካልተንጠለጠለ ይንቀጠቀጣል። እጥፋቱ ውስጥ የቆላ አቧራ ይገባል፣ በብሩሽ መጠረግ አለበት። ሲያረጅ ማዕዘኖቹ ላይ መርፌ የምታክል ቀዳዳ ይፈጥራል፤ ማታ መብራት አጥፍቶ የስልክ መብራት ወናፉ ውስጥ ከትቶ ማየት ነው፣ ኮከብ የመሰለች ብርሃን የታየችበት ቦታ በጥቁር ቴፕ ይለጠፋል። ደግሞም ሌንሱ ከሴንሰሩ የሚበልጥ ክብ ስለሚጥል ትርፉ ብርሃን ወናፉ ውስጥ እየተንፀባረቀ ምስሉን ያነጣዋል። ባርኔጣ አውልቆ ሌንሱን መጋረድ የሁልጊዜ ሥራ ነው፤ በተለይ ዛሪማ ላይ፣ ፀሐይዋ ስለማትመች።

የፀሐይዋ ነገር ለብቻው መነገር አለበት፤ ሰሜን ተራሮችን ከአፋፉ ላይ ሆኖ ወደ ታች ያየ ቱሪስት የማያስተውለው ነው። ትልቁ ገደል ፊቱን ወደ ሰሜን ሰጥቷል። ከጥቅምት እስከ የካቲት ፀሐይ ከደቡብ ምሥራቅ ወጥታ በደቡብ በኩል ስለምታልፍ፣ ከዛሪማ ሲታይ ገደሉ ቀኑን ሙሉ በጥላ ውስጥ ነው፤ ብርሃን የሚያገኙት ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ የወጡት ክንፎቹ ብቻ ናቸው። ዛሪማ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 13 ዲግሪ ገደማ ላይ ስላለች፣ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ታልፋለች፤ ያን ጊዜ ገደሉ ፊቱ ይበራል። በዚያ ወቅት ግን በጋው ያነሳው ብናኝ አለ፣ ቀጥሎ ክረምቱ በደመና ይሸፍነዋል። አየሩ ሲጠራ ገደሉ ይጨልማል፣ ገደሉ ሲበራ አየሩ ይደፈርሳል።

ስምምነት ያለው በእንቁጣጣሽ ሰሞን ነው። ዝናብ አየሩን አጥቦታል፤ ፀሐይም ገና ከምሥራቅ ትንሽ ወደ ሰሜን ጋደል ብላ ትወጣለች። ከወጣች በኋላ ለአንድ ሰዓት ተኩል ያህል ብርሃኗ በሰሜኑ ፊት ላይ በአግድም ይፈሳል፣ የገደሉ እያንዳንዱ ስንጥቅ ጥላ ያወጣል። ከዚያ ወደ ደቡብ ተሻግራ ትሄዳለች። መስከረም አጋማሽ ካለፈ ያችም ሰዓት የለችም። ማሽላውም በዚያው ወቅት እሸት ነው፤ ግሪሳውም የሚመጣው ያኔ ነው።

ማዘንበልን ይህን ያህል ካወደስኩ ማንሸራተትን መርሳት የለብኝም፤ ምንም እንኳ ለመልክዓ ምድር ሁለተኛ ደረጃ ብሰጠው። ካሜራ ቀና ሲል ቀጥ ብለው የቆሙ ነገሮች ወደ ኋላ ይወድቃሉ። ሰው ይህን በተራራ ላይ ብዙ አያስተውለውም፤ ተራራ ቀጥ ብሎ ይቁም የሚል ሕግ የለም። በፋሲል ግንብ ላይ ግን ወዲያው ያስታውቃል፤ ማማዎቹ ወደ ውስጥ ተጋድመው የሚታዩባቸው ፖስት ካርዶች ጎንደር ሞልተዋል። ፈውሱ ካሜራውን ደልደል አድርጎ ሌንሱን ብቻ ወደ ላይ ማንሸራተት ነው። ዛሪማ ላይ እኔ የተጠቀምኩበት ለተቃራኒው ነው። 80 ሚሊ ሜትር ሌንስ በቁም ፍሬም የገደሉን አፋፍ ሲይዝ፣ የሚያየው ማሽላ ከስድስት ሜትር ተኩል ወዲያ ያለውን ብቻ ነው። 12 ሚሊ ሜትር ወደ ታች ተንሸራቶ ሁለተኛ ፍሬም ሲነሳ አራት ሜትር ላይ ያለው ማሽላ ይገባል። ካሜራው ስላላጎነበሰ ሁለቱ ፍሬሞች ያለ ምንም መጣመም ይጋጠማሉ።

ይህን ጥበብ በአገራችን በሚገባ ያሳየን ጀርመናዊው ቴዎዶር ፎን ሉፕከ ነው። እ.ኤ.አ. በ1906 በኤኖ ሊትማን የተመራው የጀርመን የአክሱም ጉዞ አባል ነበር፤ ሙያው አርክቴክት ሲሆን ኋላ በበርሊን ሕንፃን በፎቶግራፍ የሚለካውን የፕሩሺያ ተቋም መርቷል። ለእነዚያ ሰዎች ፎቶ ማለት መለኪያ ነበር። ሐውልት የተጋደመበት ፎቶ ለመለኪያ ስለማይሆን ካሜራው ደልዳላ መሆን ነበረበት።

ከዚያም በፊት በ1860 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1868) ወደ መቅደላ ከዘመተው የናፒየር ጦር ጋር የእንግሊዝ መሐንዲሶች የፎቶ ክፍል መጣ። በቅሎ ላይ መስታወት፣ ኬሚካልና ጨለማ ድንኳን ጭነው ከዙላ እስከ መቅደላ ተጓዙ። የዚያን ጊዜ መስታወት ተቀብቶ፣ ተነስቶ፣ ታጥቦ ማለቅ ያለበት ኬሚካሉ ሳይደርቅ፣ በደቂቃዎች ውስጥ ነው። ያነሱት ለጦር መረጃ ነበር፤ ሰንዓፌን፣ አዲግራትን፣ እንጣሎን፣ አሸንጌ ሐይቅን። ከ140 ዓመት በኋላ ግን ፎቶዎቹ ሌላ ሥራ ሠሩ። የቤልጂየሙ የጌንት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ያን ኒሰን፣ ከመቀሌ ዩኒቨርሲቲው ምትኩ ኃይሌ፣ ከታሪክ ጸሐፊው ሪቻርድ ፓንክረስትና ከሌሎች ጋር ሆኖ፣ ፎቶዎቹ የተነሱባቸውን ቦታዎች ፈልጎ እንደገና አነሳቸው። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2009 ታተመ። ሰሜን ኢትዮጵያ በየዓመቱ እየተራቆተች መጥታለች የሚለውን የለመድነውን ወሬ የሚፈታተን ነው፤ ሕዝቡ ብዙ እጥፍ ጨምሮ ሳለ፣ በተነፃፀሩት ቦታዎች የዕፅዋቱ ሽፋንና የአፈር ጥበቃው ከ1868ቱ የተሻለ ሆኖ ተገኘ። ለዚህ ማስረጃ የሆነው የቀድሞዎቹ ፎቶዎች ከፊት ያለውን ቁጥቋጦም ከኋላ ያለውን ተራራም ለመቁጠር በሚያስችል ጥራት መያዛቸው ነው።

ናፒየር በዛሪማ አላለፈም። ይህ መንገድ ግን ከዚያ በፊትም የጎንደር ነጋዴ ወደ ምጽዋ የሚወርድበት ነበር። ተጓዡ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 በሊማሊሞ ሽቅብ ወጥቶ ነው ጎንደር የገባው፤ አብሮት የነበረው ጣሊያናዊ ሠዓሊ ሉዊጂ ባሉጋኒ ጎንደር ላይ ሞቶ ቀረ። ጀርመናዊው ሩፔል በ1830ዎቹ ሰሜንን አቋርጦ ዋሊያንና ጭላዳን ለሳይንስ አስተዋወቀ። ሁለቱም የመጡት ፎቶግራፍ ለሕዝብ ከመገለጹ በፊት ነው፤ በእርሳስ ሠሩ። ስለዚህ የዛሪማ ሜዳ የናፒየር ዘመን መስታወት የለውም። ከላይ ያለው የሰሜን ተራሮች ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቦ፣ በ1996 አደጋ ላይ ካሉት ተርታ ገብቶ፣ በ2017 ከዚያ ወጥቷል፤ ስለ እሱ ብዙ ተጽፏል፣ ብዙ ፎቶም ተነስቷል። የገደሉ ግርጌ፣ ሰው የሚያርስበትና ግሪሳ የሚለቅምበት ቆላ፣ በአብዛኛው ከላይ ሆኖ የታየ ጭጋግ ነው።

እንግዲህ የድንጋዩ ምክር እዚህ ይገባል። ፎቶ ከ50 ዓመት በኋላ እንዲነፃፀር ከተፈለገ የሚያስፈልገው ሌንሱ የቆመበት ነጥብ ነው፤ ሌላው ሁሉ ይስተካከላል፣ እሱ ግን ከተሳተ ቅርቡና ሩቁ ዳግመኛ አይገጣጠሙም። የአፈር ቁልል አይታመንም። የመንገድ ጠርዝም አይታመንም፤ ጣሊያን የጠረገው የሊማሊሞ መንገድ ስንቴ እንደተነካካ የሚያውቅ ያውቀዋል። ጠፍጣፋው ድንጋይ ይሻላል፤ ከማሳው ራስ ስለሆነም ከማሽላው በላይ ነው። ጂፒኤሱን መመዝገብ፣ ድንጋዩን ራሱን ለብቻ ማንሳት፣ ከድንጋዩ እስከ ሌንሱ ያለውን ቁመት በሜትር መለካት። ማዘንበሉና መንሸራተቱ ካልተጻፈ የሚቀጥለው ሰው ካሜራውን ቀና አድርጎ ያነሳና ሁለቱ ምስሎች ሲደራረቡ ገደሉ የተንቀሳቀሰ ይመስለዋል።

የሚቀመጥበትም ቦታ ሩቅ አይደለም። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ደባርቅም የራሷ ዩኒቨርሲቲ አላት፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ማለት ይቻላል። ፋይሉን ብቻ መስጠት ግን አልመክርም፤ ሃርድ ዲስክ ስንት ዓመት እንደሚቆይ ሁላችንም ቀምሰነዋል። የ1868ቱ ሥራ እስከ ዛሬ የደረሰው ወረቀት ላይ ታትሞ በአልበም ስለተጠረዘ ነው። እኔም አንዱን በወረቀት አሳትሜ ከጀርባው በእርሳስ ጽፌበታለሁ፦ ዛሪማ፣ ከጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ፤ መስከረም መጀመሪያ፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት፤ ሌንስ 80 ሚ.ሜ.፣ ኤፍ 11፤ ማዘንበል 3 ዲግሪ ወደ ፊት፤ መንሸራተት 0 እና 12 ሚ.ሜ. ወደ ታች፣ ሁለት ፍሬም፤ ማሽላው እሸት፣ ከግራ በኩል ያለው በግሪሳ የተበላ።